ለሊቀመንበራችን የተተወ ባዶ መስመር

ውድ ቲቸር፣

መጀመሪያ ይቀመጡ። ቆመው ማንበብ እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ። ይሄኛው ግን ተቀምጠው የሚነበብ ነው። ተቀመጡ? ጥሩ። እንግዲህ ልንገርዎ፦ እርስዎ የስልሳ ሦስት ሰው ማኅበር ሊቀመንበር ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት!

የመረጥኩዎ እኔ ነኝ። እጩ ያቀረብኩትም እኔ፣ እጄን ያወጣሁትም እኔ፣ የወጣውን እጅ የቆጠርኩትም እኔ። አንድም ተቃውሞ አልተሰማም። ሊቃወሙ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ እርስዎን ደግሞ የጠየቀ የለም።

እስካሁን ማን እንደሆንኩ ሳይጠረጥሩ አይቀሩም። አዎ፣ ሳሙና ነኝ። የስምንተኛ «ለ»ው ሳሙና። ስሙን ያወጡልኝ ራስዎ ነዎት፤ በወላጆች ቀን ጥሩምባው ውስጥ የሳሙና ውሃ ጨምሬ፣ ያ ወፍራም ልጅ ገና ሲነፋ አረፋው በዳይሬክተሩ ራስ ላይ የተንሳፈፈ ጊዜ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ሳሙና ነው፤ የሙዚቃ ክፍሉንም በር እንዳትረግጥ» አሉኝ። በሩን አልረገጥኩም። ስሙ ግን ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም። እናቴ ሳትቀር የምትጠራኝ በሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ የኖረ ጥያቄ ነው። ግን በቀጥታ ከጠየቅኩዎ ሊቀመንበርነቱ አይገባዎትም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ታገሱኝ፤ ድሮም ታግሰውኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በበቀል ነው። ሠፈራችን ውስጥ ጥሩምባ የሚነፋ ጸጉር አስተካካይ አለ። ይነፋል ስል አየር ይገባል፣ አየር ይወጣል ማለቴ ነው። ደንበኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቶ ሲያበቃ፣ «አንዴ ይቺን ስማልኝ» ብሎ ምላጩን ያስቀምጣል። ሰውየው የት ይሄዳል? ግማሽ ጸጉሩን ይዞ? እኔም አንድ ቀን በግማሽ ጸጉር ሦስት ዜማ ሰምቻለሁ። ሦስቱም አንድ ነበሩ።

በማግስቱ ማስታወቂያ ጻፍኩ። «ቤትዎ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ የሙዚቃ መሣሪያ አለ? ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጸጉር ቤቱ ይዘውት ይምጡ። በነጻ ይጠገናል፤ የሌለዎት ካለው በነጻ ይዋሳሉ።» አሥራ ሁለት ቦታ ለጠፍኩት። አሥራ ሁለተኛውን የራሱ በር ላይ። ቅዳሜ ማልጄ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ጉብ አልኩ። ሁለት ሦስት ሰው መጥቶ ሲጨቃጨቅ አይቼ፣ ስቄ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር።

ቲቸር፣ ሠላሳ አራት ሰው መጣ።

ሳንባው የተቀደደ አኮርዲዮን መጣ። በሁለት ክር የቀረ ጊታር መጣ። ድመት የወለደችበት ከበሮ መጣ፤ ግልገሎቹ አብረው ነበሩ። ሰውየው በሩን ሲከፍት የሰልፉ ጫፍ ማዕዘኑን ዞሮ አይታይም። እጁ ላይ አረፋ እንዳለ፣ «ምንድነው ይሄ? ማን ሞተ?» አለ።

ከሰልፉ ፊት የቆሙት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ሜትር አለ፤ ብብታቸው ስር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር። ፎጣውን ሲፈቱት ክላርኔት ነው። «ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ። መንፋት አልችልም፤ መሸጥም አቃተኝ። የሚነፋ ሰው ካለ ግን አንዴ ልስማው» አሉ።

ጸጉር አስተካካዩ ሊሳደብ የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ክላርኔቱን እንደ አራስ ልጅ ተቀበለ። ከኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ «እኔ ተማሪ ሳለሁ ሞክሬው ነበር» አለና ወጣ። አፉ ላይ አደረገው። የወጣው ድምፅ... እንዴት ልበልዎ፣ በር ጣት ላይ ሲዘጋ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሁሉም ፊቱን አጨማደደ።

ልብስ ሰፊዋ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ይስቃሉ። «እሱ ነው! ልክ እሱ ነው! አንድም ቀን አሳምሮ ነፍቶ አያውቅም!»

እኔ ደረጃው ላይ ሳቄ ጠፋኝ። ሰው የማይነፋውን ነገር ስድስት ዓመት በፎጣ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ለምንድነው? እስቲ ይመልሱልኝ። ይሄ ግን ዋናው ጥያቄዬ አይደለም።

ጸጉር አስተካካዩ ጽሕፈቴን ያውቃል። መጥቶ ጆሮዬን ያዘኝ። «ሳሙና ብትሆን ዛሬ አትሾልክም። የጠራሃቸው አንተ ነህ፤ የምታስተናግዳቸውም አንተ ነህ። ደብተር አምጣ!» አለኝ። ደብተር አመጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን አላስቀመጥኩትም።

አሠራራችንን ልንገርዎ፤ ሊቀመንበር ማወቅ አለበት። መሣሪያ ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ይዋሳል። የተዋሰ ሰው የሚከፍለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመመለሱ በፊት የተማረውን ለሌላ ሰው ማሳየት አለበት። አንድ ጣት የት እንደሚቀመጥ እንኳ ቢሆን። ሹፌሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በየፌርማታው አንድ የሚቀበል ሰው አለን፤ አናጺው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ማስታወቂያ ሠዓሊው። ሠዓሊው ቀለምና ብሩሽም ያውሳል። በዚህ የተነሳ የዳቦ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ላይ አሁን ስድስት እግር ያለው ፈረስ አለ። ለምን ስድስት ብዬ የሳለችውን ልጅ ብጠይቃት፣ «እየሮጠ ነዋ!» አለችኝ። በዚህ ፌርማታ ትርፍ ጊታር ካለና በዚያኛው ከተፈለገ፣ ሹፌሩ ከመቀመጫው ኋላ ያስቀምጠውና ያደርሰዋል። አንድ ቀን ከበሮ ጭኖ ሲሄድ ተቆጣጣሪ ገብቶ «ይሄ ተሳፋሪ ቲኬት አለው?» ብሎታል አሉ።

በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ትንሽ ደብተር ታስራለች። የተዋሰ ሁሉ የሆነውን ይጽፍባታል። የክላርኔቷን ልጥቀስልዎ፦ «ሰኞ፦ ምንም አልወጣም። ማክሰኞ፦ ወጣ፤ ውሻችን ሸሸ። ረቡዕ፦ ውሻው ተመለሰ። ዓርብ፦ ውሻው ተኛ።» ይሄን ያህል እድገት በአንድ ሳምንት! ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ መጥተው ደብተሯን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። አንድ ሳምንት ካልተጻፈባት ይቆጣሉ፤ «ምነው፣ ሰዉ አፉን ታመመ?»

አየሁ አየሁና ነገሩ ከእኔ ቀልድ ተለቀ። አርባ አንድ መሣሪያ ጸጉር ቤት ውስጥ ተከመረ። ደንበኛ ተራ የሚጠብቀው ከበሮ ላይ ተቀምጦ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያው የሚያፈሰው ልክ ጊታሮቹ የተሰቀሉበት ላይ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የድሮ ደብዳቤ መለያ አዳራሽ ባዶ እንደሆነ ሰማን፤ ረጃጅም መስኮት፣ ደረቅ ወለል፣ ግድግዳው ሙሉ ትንንሽ መደርደሪያ። እዚያ ገብተን ባየን ቀን ጸጉር አስተካካዩ መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ ነፋ። ድምፁ ዞሮ ዞሮ ተሻሽሎ ተመለሰ። «አያችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የቤቴ ነው!» አለ።

አዳራሹ የሚሰጠው ግን ለተመዘገበ ማኅበር ነው። ካልሆነ የዕቃ መጋዘን ይሆናል። ስለዚህ ልንመዘገብ ተነሳን፤ «ውሰድና መልስ» የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ልብስ ታሰጣ ነበር። «ምንድነው ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት?» አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር፣ «ቆይ ቆይ፣ ገባኝ። አንተ ማለት ነህ። ሃያ ሁለት ዓመት አሳደግሁህ፤ አንድም ትርፍ አላየሁብህም» አለችና ማሰጣቷን ቀጠለች።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ መነጽሯ በክር የታሰረ አንዲት ሴት አለች። ቅጹን ገና ስታየው ቀና ብላ አየችኝ።

«'ዓላማ' በሚለው ላይ 'ጎረቤት መረበሽ' ብለህ ጽፈሃል።»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«ሌላ እውነት የለህም?»

ሌላ ቅጽ ሰጠችኝ። በዚህኛው፣ «የሌለው ካለው ተውሶ እንዲማር፣ የተማረውም እንዲያስተምር» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ ይሻላል። ጸሐፊው አንተ ነህ? እዚህ ፈርም» አለችኝ።

ፊርማ የለኝም ቲቸር። ሳስበው በራሴ ስም ፈርሜ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ምን ላይ ይፈርማል? እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ስሜን ፊደል በፊደል ደረደርኩት። «ፊርማ የሌለው ጸሐፊ!» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን የማያስቅ ነገር አመጣች፤ ሊቀመንበሩ የሙዚቃ ወይም የሥዕል ትምህርት ማስረጃ ያለው፣ አምስት ዓመት ያስተማረ መሆን አለበት። ከስልሳ ሁለታችን አንድም እንዲህ ያለ ሰው የለም። አብሮኝ የመጣው ጸጉር አስተካካይ «እኔ ሃያ ዓመት ነፍቻለሁ» ቢላት፣ «ጎረቤቶችዎ ማስረጃ ይጽፉልዎታል?» አለችው። ተናዶ ወደ ሱቁ ሄደ።

እንግዲህ ያኔ ነው እርስዎ ስልሳ ሦስተኛ የሆኑት። ቅጹን ይዤ ወጣሁ፤ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ስምዎን ጻፍኩ። ከስሩ ፈረምኩልዎ። ሰባት ዓመት አልሞከርኩትም ነበር፤ እጄ ግን አልረሳም። ያ እንደ ሙዚቃ ቁልፍ የሚጠቀለለው መነሻ፣ ያ ወደ ላይ የሚታጠፈው ጅራት፣ ከጅራቱ ስር ሁለት ነጥብ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ኮራሁ። ሴትየዋ አየችው፣ ማኅተም መታችበት፣ «ማክሰኞ ሳምንት መጥተህ የምስክር ወረቀቱን ውሰድ» አለችኝ።

በቃ፣ አለቀ። ማንም አያውቅም። ይህን ደብዳቤም ባልጻፍኩልዎ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ላከብኝ። ያው የድሮው ዘበኛ ነው፤ አሁንም አጥሩን ዘልዬ የምገባ ይመስለዋል መሰለኝ በጥርጣሬ ነው የሚያየኝ። የድሮውን ሙዚቃ ክፍል ሊያፈርሱት ነው፤ «የቀረውን ከመጣሉ በፊት ኑና ውሰዱ» አለ። በሙዚቃ ክፍሉ በር ገባሁ። ከአረፋው ወዲህ በዚያ በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። የተሰባበሩ አግዳሚዎች ከኋላ ተከምረዋል፤ ከነሱ ስር የአኮርዲዮንዎ ሣጥን ተቀምጧል። ከፈትኩት። አኮርዲዮኑ አለ። ከማሰሪያው ስር ፖስታ አለ። ፖስታው ውስጥ አሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀት።

ወረቀቶቹን አወቅኳቸው። የእኔው ናቸው።

«ይህ ተማሪ ለሙዚቃ ልምምድ ስለሚፈለግ ከክፍል እንዲወጣ ይፈቀድለት።» ከስሩ የእርስዎ ፊርማ፣ በእኔ እጅ። ለሒሳብ አስተማሪው እየሰጠሁ ከሒሳብ የማመልጥባቸው። ዘበኛውን «እነዚህ እንዴት ቲቸር ዘንድ ደረሱ?» ብለው፣ እንደ ሞኝ አየኝ። «የፈቃድ ወረቀት እኮ ዓርብ ዓርብ ተሰብስቦ ለፈረመው መምህር ይመለሳል። ከድሮም እንደዚያ ነው። አታውቅም ነበር?»

አላውቅም ነበር! ያንን ሁሉ ተንኮል ስጎነጉን አንድ ቀን እንኳ ወረቀቱ ዞሮ ወደ ማን እንደሚሄድ አላሰብኩም። እኔ እጽፋለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪው ይሰበስባል፣ እርስዎ ይቀበላሉ። ዓርብ ዓርብ ስሰርቅዎት፣ ዓርብ ዓርብ ደረሰኝ እየላክሁልዎ ኖሯል።

ይባስ ብለው አርመውታል። በቀይ እስክሪፕቶ! የመጀመሪያው ላይ፦ «ጅራቱ አጥሯል። ከአሥር አራት።» ሦስተኛው ላይ፦ «እጁ ይንቀጠቀጣል። ከአሥር ስድስት።» አምስተኛው ላይ፦ «ነጥቦቹን ረስቷል፤ ችኩል።» ሰባተኛው ላይ ውጤት የለም። እንዲህ ብቻ ይላል፦ «በመስኮት ከሚሰማ በበሩ ቢገባ ምን ነበረበት?»

እዚያ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው «አመመህ?» አለኝ።

ማንም የማያውቀው መስሎኝ ነበር። ከሒሳብ ወጥቼ የምሄደው ኳስ ሜዳ አልነበረም። ጓደኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚመስላቸው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምነግራቸው። የምሄደው እርስዎ ክፍል ኋላ፣ መስኮቱ ስር ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ሌሎቹ ሲጫወቱ እሰማለሁ። ሲሳሳቱ እስቃለሁ፤ አፌን በእጄ ይዤ። አንዳንዴ ግን አልስቅም ነበር። በሩን እንዳትረግጥ ብለውኛል፤ መስኮቱን ግን አልከለከሉም። አየሁህ ቢሉኝ ኖሮ እገባ ነበር? አላውቅም። ለምን አልነገሩኝም? ይሄም ዋናው ጥያቄዬ አይደለም፤ ወደ እሱ እየደረስኩ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ወረቀት ፖስታው ውስጥ የለም። የት እንደቀረ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያኛው የፈረምኩት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ ለክፍሉ ሙሉ ነበር፣ ለአርባ ሦስት ተማሪ። የሒሳብ አስተማሪው ፈተና ይዞ ቢመጣ ባዶ አግዳሚ ጠበቀው። ምስኪን፣ ደንግጦ ዕለቱ እሑድ መስሎት ነበር አሉ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ይዞ ጠራን፤ እርስዎንም እኔንም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለዎት።

መነጽርዎን ከግንባርዎ አወረዱ። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ እግሬን እያየሁ ነበር፤ ጫማዬ ላይ የነበረችውን ጭቃ ቅርጽ እስካሁን ልስልልዎ እችላለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አዎ፣ የእኔ ነው።»

በሳምንቱ የሙዚቃ ክፍሉ ተዘጋ። «ልጆችን ከትምህርት የሚያስፈታ» ተባለ። እርስዎን ሩቅ አገር ላኩዎ፤ እዚያም ጠመኔ እንዲቆጥሩ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡዎ አሉ። እኔን ማንም አላባረረኝም። እኔው ነኝ መሄድ ያቆምኩት። ለእናቴ ሒሳብ ከበደኝ አልኳት። አልከበደኝም። ያንን የተቆለፈ በር እያየሁ ማለፍ ነው የከበደኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው፦ ለምን የእኔ ነው አሉ? አሥራ አንዱን አርመው፣ የማን እጅ እንደሆነ እያወቁ፣ ለምን? ስለሚወዱኝ ነው እንዳልል፣ ስንት ቀን ነው ያናደድኩዎ! ስላዘኑልኝ ነው? ወይስ ሰው ሌላው ሲዋሽለት ምን እንደሚሆን ለማየት? ለማየት ከሆነ ይኸው ሆንኩ።

አሥራ አንደኛውን አልነገርኩዎም። እሱ ላይ የጻፉት፦ «ከአሥር አሥር። አሁን የራሱን ይፈልግ።»

ያንን ካነበብኩ በኋላ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ እንቅልፍ አልሰጠኝም ብል ይስቁብኛል፤ እኔ እንቅልፍ የሚያሳጣኝ ነገር እንደሌለ ያውቃሉ። ምግብ ግን አላስበላኝ አለ። ቅዳሜ ለጸጉር አስተካካዩና ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳቸው።

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። «ማክሰኞ እኮ ነው! ሦስት ቀን ቀርቶናል! እውነቱን አዳራሹ ከገባን በኋላ ብትናገር አንደበትህ ይታሰራል?»

«በቲቸር ስም አንዴ ዋሽቼ አንድ ክፍል ዘግቻለሁ፤ ሁለተኛውን ልክፈትበት?»

«ክፈትበታ! ሒሳቡ ተቻቻለ!»

ልብስ ሰፊዋ የክላርኔቷን ደብተር ከደኑ። «እኔ ስፌቴ ሲጣመም፣ ሰውየው ሳይለብሰው ነው የምተረትረው። ሂድና ተርትረው ልጄ» አሉኝ። ጸጉር አስተካካዩ ጥሩምባውን አንስቶ ጓሮ ገባ። ቀኑን ሙሉ ነፋ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ያን ዕለት የመጀመሪያ ጊዜ ዜማ መሰለ።

ማክሰኞ ሄድኩ። የምስክር ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ስትገፋልኝ፣ «የሊቀመንበሯ ፊርማ የእሷ አይደለም፤ እኔ ነኝ የፈረምኩት። እሷ ማኅበር መኖሩንም አታውቅም» አልኳት።

ወረቀቱን መልሳ ሳበችው። በሩን አየች፣ እኔን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ያልሰማሁት ልሁን ወይስ የሰማሁት?» አለችኝ።

ቲቸር፣ እንዲህ የሚያስጎመጅ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ተጠይቄ አላውቅም። ድሮ እርስዎ ያላዩ የሆኑልኝን አሁን እሷ ያልሰማች ልትሆንልኝ ነው።

«የሰሙት ይሁኑ» አልኩ።

ምስክር ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አዲስ ቅጽ አወጣች። «እስከ ወሩ መጨረሻ እውነተኛውን አምጣ። ከዚያ ካለፈ አዳራሹ የዕቃ መጋዘን ነው፤ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም» አለች። ልወጣ ስል፣ «ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ የምታስመስለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷም እንደ እኔ ነገር ያስገርማታል መሰለኝ።

«ጥሩ አራሚ ነበረኝ» አልኳት።

አድራሻዎን የሰጠኝ ዘበኛው ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎም ፖስታ ቤት አይደለም፤ የእኛ ሹፌር መጨረሻው ፌርማታ ላይ ለሌላ ሹፌር ይሰጠዋል፣ ያኛው ለሌላ። እስካሁን አንድም ጊታር ጠፍቶብን አያውቅም፤ ደብዳቤም አይጠፋም። የሚያስረክብዎ ሰው ጺሙን ያልተላጨ ከሆነ፣ በጸጉር አስተካካያችን ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቅጹ አብሮ አለ። ስምዎን ጽፌዋለሁ፤ ከስሙ ስር ያለውን መስመር ግን ባዶ ትቼዋለሁ። እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ መነሻውን፣ ጅራቱን፣ ሁለቱን ነጥብ። አልሞላሁትም። ካልፈለጉ አይፈርሙ። ስሜን ያለፈቃዴ ለምን ጻፍክ ቢሉም እውነትዎን ነው። ከቀረም በጸጉር ቤቱ ከበሮ ላይ ተቀምጠን እንቀጥላለን፤ ለዝናቡ ባልዲ እንደቅናለን። ነገር ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ አኮርዲዮንዎ እዚህ ታግቷል። ሳንባውን ልብስ ሰፊዋ ሰፍተውለታል፤ ደብተርም አስረንለታል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንም እንዳይጽፍ ከልክያለሁ።

አዳራሹ ሁለት በር አለው። መስኮቶቹ ግን ከፍ ያሉ ናቸው፤ ከስራቸው ተደብቆ መስማት አይቻልም። ለክቼዋለሁ። መስማት የፈለገ ሁሉ በበሩ መግባት ግድ ይሆንበታል።

ለጥያቄዬ መልስ እጠብቃለሁ። መልሱን መጻፍ ካልፈለጉ ግድ የለም፤ ይህንኑ ደብዳቤ በቀይ አርመው ይመልሱልኝ። ስህተት እንዲያጡ አልፈልግም ብዬ ጥቂት ሆን ብዬ ትቻለሁ። (ሌሎቹ ሆን ብዬ አይደለም።)

ከታች ያለው የእኔ ነው። አራት ቀን ተለማመድኩት። የማንንም አይመስልም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራቱም አጥሯል። ግን ከማንም አልተዋስኩትም።

ከአሥር ስንት ነው?

ሳሙና
የ«ውሰድና መልስ» ጸሐፊ፣ ፊርማ ያለው